ለጊዜው አትፈልጉኝ

ቡሬ ዙሪያ፣ መስከረም 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለሻምበል ገብረ ኢየሱስ፤ ናይሮቢ።

ዘመኑን አሸጋግሮ ለመስቀል ያበቃን ጌታ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርልኝ። እኛ ደኅና ነነ። ባለቤቴ ይርሳው ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሥራ አልፈታም። ልጄ ሰብለ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በርበሬው ዘንድሮ ጉድ ነው፤ ፍሬው ቅጠሉን ሊያስንቀው ደርሷል።

የጻፍኩልዎት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የበኩር ልጄ ስመኘው ለአውሮፕላን አብራሪነት ታጭቷል! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ እዚሁ ቡሬ ካምፓስ ደርሶት ነበር። «በባጃጅ እየተመላለስኩ ከእናቴ ጓዳ የምማረው ምን ትምህርት ነው?» ብሎ እምቢ አለ። አየር ኃይሉ የበረራ ዕጩ መኮንኖችን ይመለምላል ሲባል ባሕር ዳር ሄዶ ተመዘገበ። ጽሑፉን አለፈ፣ ሩጫውን አለፈ። የቀረው ቢሾፍቱ ወርዶ በሐኪም መታየት ብቻ ነው። ወይፈን የመሰለ ልጅ ነው፤ ሐኪም ምን ያገኝበታል?

ለዚህ ያበቁት እርስዎ ነዎት። እናትዎ እትዬ ትርሲት ሲያርፉ ያችን በደንብ ልብስ የተነሷትን ፎቶ ለእኔ ተዉልኝ። ስመኘው ዳዴ ሲል ጀምሮ ያያት እሷን ነው። ለእናትዎ የጻፏቸውንም ደብዳቤዎች ሣጥን እየከፈተ ሲያነብ ነው ያደገ፤ በቃሉ ይዟቸዋል። እናቶቻችን እህትማማች ናቸውና ደሙ የት ይሄዳል እላለሁ።

አንድ ስንፍና ብቻ አለበት። በርበሬ ለቀማ ላይ እጁ አይረባም። ከትንሽነቱ ጀምሮ ይርሳው ገርፎታል፣ እኔም አልማርኩትም፤ አልታረመም። ወታደር ቤት ይገራው ይሆናል።

እንግዲህ የሚያውቁት የጥንት ባልደረባ ካለ አንድ ቃል ይተንፍሱለት። ስልክ ቁጥርዎንም ይላኩልን። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ! ልጁ ድምፅዎን ለመስማት ጓጉቷል።

አክባሪ እህትዎ
ያይኔአበባ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለያይኔአበባ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከነቤተሰብሽ አይለይሽ። ለይርሳውም ጉልበት ምሕረቱን ይላክለት። እኔ በጤና ሥራዬ ላይ ነኝ።

ስለ ስመኘው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ደስ ይላል። ነገር ግን የዚያ ቤት በር ጠባብ ነው፤ መቶ ሰው ተሰልፎ አምስት ይገባል። ስለዚህ የቡሬው ምዝገባ እንዳያልፈው። ሰው በአንድ ገመድ ብቻ ተማምኖ ገደል አይወርድም። አብራሪ ባይሆን የሕግ ሰው፣ የሒሳብ ሰው፣ መምህር ይሆናል። ይህን ሳይሄድ ንገሩት፤ ከሄደ በኋላ አይሰማችሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቀማ ላይ እጁ አይረባም ያልሽው ዘገምተኛ ሆኖ ነው? ወይስ ያልበሰለውን ከበሰለው ይቀላቅላል? በደንብ አስታውሺና ጻፊልኝ። ለምን እንደጠየቅሁሽ አሁን አልነግርሽም።

የጥንት ባልደረባ የምለው ሰው የለኝም፤ ዘመን አልፏል። ስልክም ያለኝ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ለግል ጉዳይ አይሆንም። ያችን ፎቶ ደግሞ ከግድግዳው ብታወርጃት ደስ ይለኛል። ወጣት ልጅ ጠዋት ማታ እሷን ማየቱ አይበጀውም።

ወንድምሽ
ገብረ ኢየሱስ


ቡሬ ዙሪያ፣ ኅዳር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለሻምበል ገብረ ኢየሱስ፤

ሚካኤል ከነክንፉ ይክበር ይመስገን፤ እልል ይበሉልኝ! ልጃችን አለፈ!

ጥቅምት 25 ቀን ደወለ። በሰው ስልክ ነው። «እማ፣ አለፍኩ» አለኝ። ድምፁ ሰለል ያለ ነው፤ ብርድ መትቶት መሰለኝ።

«መቼ ትመጣለህ?» አልኩት።

«ሥልጠና ልንገባ ነው፤ ስልክ ይሰበስቡብናል። ለጊዜው አትፈልጉኝ። የውትድርና ምስጢር ነው» ብሎ ዘጋው።

ይርሳው ስልኩን ከእጄ ነጥቆ የተዘጋውን ስልክ ቆሞ ይመርቅ ጀመር። ሰብለ በሳቅ ሞተች።

የሚካኤል ዕለት ደገስን። ጎረቤታችን ገነነ በግ ጎትቶ መጣ። ቄሱ «የአውሮፕላኑን ክንፍ መልአኩ በክንፉ ይደግፍልን» ብለው መረቁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እስክስታ ወረድኩ፤ በማግስቱ ወገቤን ይዤ ዋልኩ። አገሩ ሁሉ የሚጠራኝ «የአብራሪው እናት» ብሎ ነው።

የጥቅምቱ ደብዳቤዎ ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ ሟርት ሟርት ይሸታል። ፎቶዋን አላወርድም። እንዲያውም ከጎኗ ለስመኘው ቦታ ትቻለሁ። የካምፓሱ ምዝገባም አልፏል፤ ከእንግዲህ ምን ሊሠራለት?

ስለ በርበሬው ከጠየቁኝ፣ አዎ፣ ይቀላቅላል። ቅጠል የመሰለውን ደም ከመሰለው ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል። አምና እንዲሁ አድርጎ ሁለት ጆንያ አበላሸብን። ስቆጣው ደግሞ «ቀይ ነው እኮ» ብሎ ይከራከረኛል! በያዝኩት ዘንግ ጀርባውን አልኩት። ያን ያህል ልጅ፣ ጢም ያወጣ ልጅ፣ ቆሞ ተመታልኝ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ግን ይህ ለርስዎ ምን ይረባዎታል?

ደስ ያላት እህትዎ
ያይኔአበባ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

እህቴ ያይኔአበባ፤

ይህን የያዘው ሰው ነገ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በቡሬ አውቶቡስ ይልክልሻል። ቆመሽ አታንብቢው። ተቀመጪ።

ስመኘው አላለፈም።

ማን ነገረህ ትይኝ ይሆናል። ራሱ ነገረኝ። «ለጊዜው አትፈልጉኝ፤ የውትድርና ምስጢር ነው» ያላት ቃል የኔ ናት። በ1974 ዓ.ም. ለእናቴ በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ ሦስተኛዋ መስመር ናት። ያን ስጽፍ እኔም ወድቄ ነበር።

አብራሪ ሆኜ አላውቅም። ሻምበልም አይደለሁም። አንድ ቀን እንኳ ወታደር ሆኜ አላደርኩም።

የሆነው እንዲህ ነው። የዚያን ጊዜ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ይባል ነበር። ሐኪሙ መጽሐፍ ገለጠልኝ። ገጹ ሁሉ ነጠብጣብ ነው፤ በነጠብጣቡ መካከል ቁጥር ተሸሽጓል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሥራ ሁለት አነበብኩ። እሷን ሁሉም ሰው ያነባታል። ከዚያ በኋላ ቢገልጥ፣ ቢገልጥ፣ ምንም የለም። «እየቀለድክ ነው?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ሐኪሙ ቀይና አረንጓዴ እንደማልለይ ጻፈና «የሚቀጥለው ይግባ» አለ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደናንተ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጎጃም የሚሄደው መኪና ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። እናቴ ጎረቤቱን ሰብስባ ሸኝታኛለችና በምን ፊቴ ልግባ? አራት ወር ድንጋይ ተሸከምኩ። አንድ ፎቶ ቤት የሚያከራየው የመኮንን ኮትና ቆብ ነበረው። ለብሼ ተነሳሁና «ለትምህርት ወደ ውጭ መላኬ ነው» ብዬ ላክሁላት። ከዚያ በሞያሌ ወጣሁ። መንግሥት ሲለወጥ እናንተ ራሳችሁ «የደርግ መኮንን ስለሆነ ፈርቶ ቀረ» አላችሁ፤ ውሸቴ ያለ እኔ አደገች። እዚህ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። የዳቦውን መብሰል የማውቀው በመዓዛው ነው።

ከዓመታት በኋላ አንድ የዐይን ሐኪም እንደነገረኝ ይህ ነገር በእናት በኩል ይወርዳል። እናቶች እያዩ ወንዶች ልጆቻቸው አያዩም። እናቶቻችን የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደንግጬ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። ጻፍኩት፤ ቀደድኩት። ስለ ገመድ፣ ስለ ገደል ዘባረቅሁልሽ። በደሌ ይህ ነው።

አሁን ቢሾፍቱ ሂዱ። የወደቀ ሰው በመጀመሪያ ከወደቀበት በር አይርቅም። ጉልበት ሥራ ባለበት ፈልጉት። ሞያሌ የሚባል ስም ከአፉ ሳይወጣ ድረሱበት። ስልኬን ከታች ጽፌዋለሁ። የግሌ ነው።

ገብረ ኢየሱስ


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለገብረ ኢየሱስ፤

ሰላምታ አልጽፍም። ስልክ ቁጥርዎ ደርሶኛል፤ አልደወልኩም። በጽሑፍ የዋሹኝን በጽሑፍ እመልስልዎታለሁ።

ደብዳቤውን የተቀበልኩት ቡሬ መናኸሪያ ነው። ተቀመጪ ብለውኝ ቆሜ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ መሬት ወደቅሁ። የባጃጅ ልጆች አፋፍሰው አንዲት ሱቅ ደጃፍ አስቀመጡኝ። «ሰው ሞተባት» ተባባሉ። እኔም ማን እንደሞተብኝ ግራ ገባኝ።

ቤት ስደርስ ይርሳው በርበሬውን አስጥቶ በመንሽ ያገላብጣል። ነገርኩት። ደብዳቤውን አልተቀበለኝም። «ዐይኑ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ያን ጊዜ ሁሉ፣ ስገርፈው፣ ዐይኑ ነበር?» አለ። ከዚያ በርበሬው መካከል እንደቆመ ቀረ። ዶሮ ገብታ ስጡን ስትጭር አላባረራትም። ሰብለ እጁን ይዛ አወጣችው።

በማግስቱ መኪና ያዝን። ቢሾፍቱ ስንደርስ የበሩ ጠባቂ ትሑት ልጅ ነበር፤ ስሙን አስፈልጎ መጣና «እናቴ፣ ልጅዎ ከሕክምናው ተመልሷል። ጥቅምት 20 ቀን ተሰናብቶ ወጥቷል» አለኝ። የደወለልኝ ከአምስት ቀን በኋላ ነው ማለት ነው። አምስት ቀን ምን ሲያስብ ከረመ?

አሥራ አንድ ቀን ፈለግነው። ከሠራተኛ ሰፈር ሠራተኛ ሰፈር፣ በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ላይ ፊቱን እያሳየን። በመጨረሻ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ፣ ህይወት ትባላለች፣ «ይህማ ዶሮ እርባታው ጋ መኖ የሚያራግፈው ጎጃሜ ነው» አለችን።

በሩ ላይ ቆመን ጠበቅነው። ጆንያ ተሸክሞ ወጣ። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መስሏል። አየን። ጆንያው ከትከሻው ወደቀ። አልሮጠም፣ አልቀረበንም።

ይርሳው ወደ አጥሩ ሄደ። ከአጥሩ ሥር የግንብ ድንጋይ አነሳ፤ ማጅራቱ ላይ አደረገው፤ ያን በሽተኛ ጉልበቱን አጥፎ ልጁ ፊት ተንበረከከ። «ልጄ፣ ዐይንህን ስገርፍ ነው የኖርኩት። ይቅር በለኝ» አለው።

አባት ለወለደው ልጅ ድንጋይ ሲሸከም ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ስመኘው ጮኸ። «አባዬ፣ ጣለው! ተነስ፣ ሰው ያያል!»

«ይይ» አለ ይርሳው። «ስገርፍህም አይቷል።»

ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ያወረደው ስመኘው ነው። ወርውሮ ጣለውና አባቱ ላይ ወደቀበት። ሁለቱም መሬት ላይ ነበሩ።

በኋላ አጫወተኝ። እንደርስዎ አሥራ ሁለትን አንብቧል። «ከዚያ ወዲያ ገጹ ሁሉ የተበተነ ምስር ሆነብኝ» አለኝ። «እማ፣ እኔ እኮ እናንተ ቀይ የምትሉት ምን እንደሆነ አላውቅም።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሳድጌው አላውቅም ነበር። እኔ እናቱ።

ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ወደ ሞያሌ ሊወርድ ለጥር ተቀጣጥሮ ነበር። ከዚህ አድነውልኛል፤ አልክድም። ግን መንገዱን ያስተማሩትም እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። እናትዎ እትዬ ትርሲት አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ከቤት ሮጠው ይወጡና ነጠላቸውን ያውለበልቡ ነበር። «አይቶኝ ይሆን?» ብለው ይጠይቁናል። እኛም «አይተውዎታል» እንላቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ።

ያይኔአበባ


ናይሮቢ፣ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ፤

ሰላም ለማለት ብዕሬ አፈረ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኔ ነው። የእናቴ ነጠላ ላይ ስደርስ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ደግሞ አወጣዋለሁ። ትናንት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ እያየኝ አለቀስኩ። አንዲት ሴት የገዛችውን ዳቦ ጥላ ውኃ አመጣችልኝ።

ይቅርታ በወረቀት አልጠይቅሽም። ይርሳው ሳያውቅ በበደለው ድንጋይ ተሸክሟል፤ አውቄ የበደልኩት እኔ በፖስታ ቴምብር አልወጣውም።

ስለ ልጁ ግን ልናገር፤ የማውቀው እውነት ይህ ብቻ ነው። ለከርሞ ደግሞ ይሞክር አትበሉት። ይህ ዐይን በመነጽርም በልምምድም አይለወጥም፤ ተስፋ መስጠት ሁለተኛ ግርፋት ነው። የአውሮፕላን ጥገና ያምረው ይሆናል፤ ሽቦው ሁሉ የሚለየው በቀለም ነውና ይቅርበት። የቡሬው ካምፓስ ዘንድሮ ካመለጠ ለሚመጣው ዓመት እንዲቀበሉት ከአሁኑ ያመልክት። አንድ ዓመት ምንም ማለት አይደለም፤ ይህን የሚልሽ ሠላሳ ሰባት ያባከነ ሰው ነው።

አንዱን ብቻ እፈራለሁ። «ተራ ወታደር ልግባ» ይላችኋል። እኔም ብዬ ነበር። ውትድርና ለወደደው ክብር ነው። ኀፍረቱን ሊቀብርበት የሚገባ ልጅ ግን ራሱን አብሮ ይቀብራል። አትከልክሉት፤ ከየት እየሸሸ እንደሆነ ግን ጠይቁት።

ልጽፍለት ብፈልግ ይቀበለኛል?

ገብረ ኢየሱስ


ቡሬ ዙሪያ፣ መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረ ኢየሱስ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን። ሳልጽፍልዎት የቆየሁት ነገሩ መልክ እስኪይዝ ነው። ቂሜም ገና አልወጣልኝም ነበር።

ስመኘው ከመጣ ጀምሮ አንድ ወር ከቤት አልወጣም። ጎረቤታችን ገነነ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «የጎተትኩትን በግ ትመልሱልኛላችሁ ወይስ ይቅር?» አለን። ካምፓስ ሄደን ነበር፤ «የዘንድሮው አልፏል፤ ለከርሞ ማመልከቻ ያስገባ» አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ቀኑ አልፎ ነው። ማመልከቻውን ጽፎ ሰጠ፤ ልቡ ግን አልነበረበትም።

በየካቲት እርስዎ የፈሩት መጣ። ቡሬ የምልምል ወታደር ምዝገባ ተጀመረ። ጠዋት ልብሱን አጥቦ ለበሰና «ልሄድ ነው» አለን። እኔ ጩኸቴን ለቀቅሁት። ይርሳው ግን እጄን ይዞ፣ «ልጄ፣ ከወደድከው ሂድ፤ እመርቅሃለሁ። የገነነን አፍ ሸሽተህ ከሆነ ግን ገነነ እዚያም አለ» አለው። ሄደ። እስከ ቀትር ተሰልፎ ዋለ። ተራው ሊደርስ አራት ሰው ሲቀረው ወጥቶ መጣ። «ለምን?» አላልነውም፤ እንጀራ አቀረብንለት።

ከዚያ የሆነውን ብነግርዎት ይደነቃሉ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ ገነነ የዐሥር ዓመት ልጁን የመስኖ በርበሬ ማሳ ውስጥ ሲገርፍ ያገኘዋል። «ይህ ደንቆሮ ጥሬውን ከብስሉ አይለይም!» ይላል ገነነ። ስመኘው መሐል ገብቶ አለንጋውን ያዘ። «አትምታው። አንዴ ታገሠኝ» አለው። ቡሬ ሄዶ ከኮምፒውተር ቤት ያን የነጠብጣብ መጽሐፍ በቀለም አሳትሞ መጣ። ራሱ ስለማያነበው ሰብለን ከጎኑ አስቀመጠ፤ መልሱን የምታውቀው እሷ ናት። የገነነ ልጅ አሥራ ሁለትን አነበበ። የሚቀጥለውን ገጽ አየ አየና «ጋሼ፣ እዚህ የተጻፈ ነገር የለም እኮ» አለ። ገነነ በልጁ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ «ሰባ አራት!» ብሎ ጮኸ። «ሰባ አራት ተብሎ ተጽፏል እኮ! አታየውም?» ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ገነነ አለንጋውን እዚያው ጥሎት ሄደ። እስከ ዛሬ አላነሳውም።

የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ሰሙና አስጠሩት። ተማሪዎቹን ሲፈትኑ ከመቶ ሠላሳ ወንዶች እንደሱ የማያዩ ስድስት ተገኙ። ስድስቱም በለቀማ የተገረፉ ናቸው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰብለ ጋር ወደ ሌሎቹ ቀበሌዎች ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ አባት ያባርራቸዋል፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ይሸኛቸዋል። ተሽሎታል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አውሮፕላን ሲያልፍ ዛሬም ሥራውን ያቆማል።

ይጽፉለት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ደብዳቤያቸውን ጠግቤያለሁ» አለኝ። ይርሳው ፎቶዎን ሊያወርድ ሲል ግን ከለከለው። «ይቆይ፤ እሳቸው መጥተው ያውርዱት» አለ።

እህትዎ ያይኔአበባ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ለእህቴ ለያይኔአበባ፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

ከየት እንደጻፍኩልሽ ደግመሽ አንብቢ። አልተሳሳትኩም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሆቴል ውስጥ ነኝ።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በየጠዋቱ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ፤ ሲሞላ እወርዳለሁ። ዛሬ ረዳቱ፣ «አባባ፣ ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም?» አለኝ። «እሄዳለሁ ልጄ» አልኩና ወረድኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከናይሮቢ እዚህ ድረስ መጥቼ የቀረችው የአንድ ሰዓት የማትሞላ መንገድ አቃተችኝ።

ትናንት ቁርስ ላይ አንድ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የእናቴን ስም ጠራሁ። «የአብራሪው እናት!» አሉ ተነስተው። «ወንድሙ ነህ?» እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «አዎ፣ ወንድሙ ነኝ» አልኩ። በአገሬ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ዋሸሁ። ቁርሴን ትቼ ወጣሁ።

ጎበዝ ሆኜ እገባለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆንኩም። ብቻዬን መኪናው ላይ መቆየት አልቻልኩም። መጥታችሁ ውሰዱኝ ማለትም ድፍረት ነው። ብቻ እዚህ መሆኔን እወቂልኝ። ነገ ጠዋት ወደ ናይሮቢ ብመለስ፣ እስከዚህ መጥቶ ነበር በይ። ይህን ረዳቱ ያደርስልሻል፤ ቡሬ መናኸሪያ ስምሽን የማያውቅ የለም አለኝ።

ገብረ ኢየሱስ


ቡሬ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወንድሜ ጋሼ ገብረ ኢየሱስ፤

ረዳቱ ቆሞ ይጠብቀኛልና ብዙ አልጽፍም። ደብዳቤዎ ሲደርስ ምሳ ላይ ነበርን። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ይርሳው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ከገበታው የተነሳ ሰው አለ። ጫማውን ሳያስር ነው የሮጠው። «ደብዳቤያቸውን ጠግቤያለሁ አላልክም?» ስለው «ደብዳቤያቸውን ነው ያልኩት» አለኝ።

ሰው ሁሉ ይወቅብኝ ብለው አይፍሩ። እኔ ለእትዬ ትርሲት የዋሸሁትን ተናዝዣለሁ፤ እርስዎም ለሽማግሌው ነገ ተመልሰው ይነግሯቸዋል፤ አብረን እንሄዳለን። ዛሬ ግን ወደ ቤት ይምጡ። አልጋ ተነጥፏል።

ይህን ወረቀት አምጥቶ የሰጠዎትን ልጅ ቀና ብለው ይዩት። ረዳቱ አይደለም።

ያይኔአበባ